ስለ ጠጅ ሣርና ስለ ብርቱካን

በሐይቅና በአምባሰል ላሉ የባላገር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



በትምህርት ቤት ቅጽር ወይም በቤት ጓሮ ጥቂት ቦታ ተርፋ እንደ ሆነ፥ በእርሷ ላይ ምን ይተከል የሚለው ነገር ሁልጊዜ ያከራክራል። አንዱ ለዐይን የሚያምር፥ ለበዓል የሚጐዘጐዝ፥ ሽታው ቤት የሚሞላ ጠጅ ሣር ይሁን ይላል። ሌላው ልጆች የሚበሉት፥ ተሽጦም ለደብተርና ለእርሳስ የሚሆን ብርቱካን ይሁን ይላል። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይናገሩም። ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ ውበትንና ጥቅምን በማመዛዘን ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱ ተክሎች በአፈር ውስጥ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚያደራርጉ የሚመረምር ጥቂት ነው። ብርቱካኑ የሚሞተው ግን በዚያ ነው።

ጠጅ ሣር ትውልዱ ከህንድና ከዚያ ወዲያ ካለው የእስያ አገር ነው፤ ዛሬ ግን በአገራችን ጓሮ እንግዳነቱን የሚያስብበት ሰው የለም። ዘር አይፈልግም፤ ከጎረቤት አንድ ጉጥ ነቅሎ፥ ከነሥሩ በእጅ ከፋፍሎ መትከል ይበቃዋል። በሰኔ የተተከለው ለጥምቀት ታጭዶ ይጐዘጐዛል፤ ከዚያም በኋላ ውሃ ካላጣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይታጨዳል። ክርስቲያኑ ለበዓሉ፥ እስላሙም ለቡናውና ለሰርጉ ይፈልገዋል፤ ከሻይ ጋር የሚያፈላውም ብዙ ነው። ከብትም እንደ ሌላው ሣር አይወደውም። መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ እዛወር ይሆናል ብሎ ስለሚያስብ፥ በዓመቱ የሚታየውን ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም።

ብርቱካንም እንግዳ ነው። ትውልዱ ወደ ቻይና አገር ነው፤ ስሙ ግን በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል አገር ስም የመጣ ነው። ከፍሬው ዘር የበቀለ እንደ ሆነ ስድስት ሰባት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ እሾሁም ይበዛል። የተዳቀለው ችግኝ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ይህም ማለት አንድ ልጅ በአንደኛ ክፍል ሳለ የተከለውን፥ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ይቀምሰዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዛፉ በደኅና ከተያዘ ያ ልጅ አድጎ የራሱን ልጆች ወደዚያው ትምህርት ቤት እስኪልክ ድረስ ያፈራል።

ስፍራውንም መለየት ያስፈልጋል። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሐይቁ ዙሪያና ከዚያ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ብርቱካን ይስማማዋል። ወደ አምባሰል ደጋ የወጣ ትምህርት ቤት ግን ውርጭ ስለሚያገኘው፥ በብርቱካን ፈንታ ኮክ ቢተክል ይሻለዋል፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለኮክም ይሠራል። ጫት ከሁለቱም ይልቅ ፈጥኖ ገንዘብ ያመጣል የሚሉ አሉ። የጫት ነገር ግን ለትምህርት ቤት ቅጽር የሚነሣ አይደለም።

እንግዲህ ወደ አፈሩ እንመለስ። የጠጅ ሣር ሥር እንደ ፀጉር የተበተነ ነው፥ የላይኛውንም አፈር አጥብቆ ይይዛል። ብርቱካንም ምግብና ውሃ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ሣሩ እጀ ፈጣን ነው፥ ችግኙ ግን ገና ሕፃን ነው። ጠጅ ሣር ብቻ ሳይሆን ማናቸውም ሣር ከግንዱ ሥር ቢበቅል እንዲሁ ያደርጋል። ችግኙ ወዲያው አይሞትም። ቅጠሉ ይገረጣል፥ አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ይተዋል፥ ዓመቱን ሁሉ በአንድ ቁመት ቆሞ ይከርማል። የሚያየው ሰውም አፈሩ አልተስማማውም፥ ወይም ዐይን በላው ይላል። አጠገቡ ግን ሣሩ ለምልሞ ይታያል።

በትምህርት ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወሮች ዝናም ስላለ፥ ለችግኙ ጠባቂ አያስፈልገውም ተብሎ ይተዋል። ሣር ግን በዓመት ውስጥ እጅግ የሚያድገው በእነዚሁ ወሮች ነው። መምህሩ በመስከረም ሲመለስ ችግኙን ከሣር ውስጥ በእጁ እየዳበሰ ይፈልገዋል፤ አንዳንዱንም ሣር ያጨደ ሰው ሳያየው በማጭድ ቈርጦት ይጠብቀዋል። ሰው ሁሉ የሚፈራው በጋውን ነው፤ በበጋ ግን ልጆቹ ሁሉ በትምህርት ቤት ስለሚገኙ፥ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ችግኝ አንድ ባልዲ ውሃ ማድረስ አያስቸግርም። የትምህርት ቤት ችግኝ ክፉ ዘመኑ በጋ ሳይሆን ክረምት ነው።

በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ስለ በለስ የተነገረው ምሳሌ ለዚህ ነገር ይስማማል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ተመላልሶ ፍሬ ባጣባት ጊዜ ትቈረጥ አለ፤ ሠራተኛው ግን አንድ ዓመት እንዲጨምርላት ለመነ። የለመነውም ዝም ብሎ ለመጠበቅ አይደለም፤ ዙሪያዋን ሊኰተኵትና ፍግ ሊያፈስባት ነው። ሣር ውጧት እንደ ነበረ ወንጌሉ አይናገርም፤ የገበሬ ልጅ ግን ዙሪያው የሚኰተኰተው ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በእስላሞችም ዘንድ ሰውና ወፍ የሚበላለትን ዛፍ መትከል እንደ ምጽዋት የሚቈጠር ነው።

አተካከሉ እንዲህ ይሁን። ጕድጓዱ ከሰኔ በፊት፥ ቢቻል በሚያዝያ ይቈፈር፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ጥቁር አፈርና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይከመር፤ ሲሞላም የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይግባ። በዛፍና በዛፍ መካከል አምስት ወይም ስድስት ሜትር ይተው፤ ችግኙ ትንሽ ስለ ሆነ ይህ ርቀት ሞኝነት ይመስላል፥ ዛፉ ሲያድግ ግን ምክንያቱ ይታያል። የተዳቀለበት ቦታ፥ ማለት በግንዱ ላይ እንደ ጕልበት የሚታየው፥ ከአፈሩ በላይ ከፍ ብሎ ይቅር። ውሃ በግንዱ ሥር እንዳይቋጥር አፈሩ ወደ ግንዱ ከፍ ይበል፤ ውሃ የሚተኛበት ብርቱካን ከሥሩ ሙጫ እያነባ ልጡ ይበሰብሳልና። ከግንዱ ዙሪያ በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ምንም ሣር አይብቀል።

ታዲያ ጠጅ ሣሩ ይነቀል ማለት ነውን? አይደለም፤ ቦታው ይለወጥ ማለት ነው። የሐይቅ ባሕር ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። አንከርካ ወንዝና በዙሪያው ያሉት ጅረቶች ከተራራው ጠርገው የሚያመጡት አፈር በዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ ያ አፈር ደግሞ የገበሬው እርሻ ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ ነበረ፥ ዛሬ ከየብስ ጋር ተጋጥሟል፤ ባሕሩና ዳርቻው ባሉበት እንደማይቈዩ ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ተዳፋት በሆነ ቅጽር ጠጅ ሣርን በእርከኑ ጫፍ ላይ፥ አንዱን ጉጥ ከአንዱ በአንድ ስንዝር እያራራቁ በተርታ ቢተክሉት፥ ጎርፉን ያበርደዋል፥ አፈሩንም ከበላዩ ያስቀረዋል። ከብርቱካኑ ሁለት ሜትር ቢርቅ ሥራቸው አይጣላም። ደግሞም ለበዓል የተጐዘጐዘው ሣር በማግስቱ ተጠርጎ ሜዳ ላይ ይጣላል። እርሱን ሰብስቦ በብርቱካኑ ዙሪያ፥ ግንዱን ሳይነካ፥ አንድ ጋት ያህል ውፍረት ቢያለብሱት እርጥበት ይይዝለታል፥ ሌላ ሣርም እንዳይበቅል ይከለክላል። ሣሩ በሕይወቱ ለዛፉ ጠላት፥ ታጭዶ ግን ልብሱ ነው።

ስለ ድርቅም አንድ ነገር ይነገር። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ያገኘውን ረሀብ ያዩ ሽማግሎች በየአጥቢያው አሉ። ጥቂት የብርቱካን ዛፍ እንዲህ ካለው መዓት ያድናል የሚል ሰው ቢኖር አይታመን። ነገር ግን በልግ ቀርቶ ማሽላው በዘገየ ዓመት፥ ሥሩን የሰደደ ዛፍ ጥቂትም ቢሆን ሊያፈራ ይችላል፤ ጠጅ ሣር ግን በዚያን ጊዜ ደርቆ ዝናም ይጠብቃል።

የቀረው የሰው ነገር ነው፤ ይህም ከአፈሩ ይልቅ ያስቸግራል። ፍየል አንድ ጊዜ ቀንበጡን ከቀጠፈው ችግኙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ፍየል የገባበት ባለቤት ምን እንደሚከፍል ሽማግሎች ከመትከሉ በፊት በአጥቢያው ጉባኤ ይወስኑ። ፍሬው የማን እንደ ሆነም ቀድሞ ይነገር። ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያው ብርቱካን ሲበስል ጠብ ይነሣል፤ መምህሩ በላው፥ ዘበኛው ሸጠው የሚል ወሬም ትምህርት ቤቱን ያስንቃል። ለሐምሌና ለነሐሴ ደግሞ እያንዳንዱ ዛፍ በአጠገቡ ለሚኖር ለአንድ ሽማግሌ ይሰጥ፤ እርሱም በየአሥራ አምስት ቀን የልጅ ልጁን ይዞ ዙሪያውን ያሳርም። ሥራው ለአንድ ዛፍ የግማሽ ሰዓት ነው።

መምህሩም የተተከለበትን ቀን፥ የዛፉን ተራና የጠባቂውን ሽማግሌ ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ። ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወረ እንደ ሆነ መዝገቡን ከቁልፉ ጋር ለተተኪው ያስረክብ፤ ከመሄዱም በፊት አብሮት ዞሮ ዛፎቹን አንድ በአንድ ያሳየው።