የቀረው ለቀረው ሲካፈል

ይህ የምረቃ ንግግር በቀጥታ የሚያመራው ወደ አንድ የክሪኬት ተጫዋች የሥራ ዘመን ነው። ሜልበርን ያደጉት የዛሬዎቹ ተመራቂዎች ጨዋታውን ከትምህርት ቤት ሜዳ ጀምሮ ያውቁታል፤ ከኢትዮጵያ የመጡት ወላጆቻቸው ግን፣ ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት በአገሩ ኖረውም፣ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ ለይተው ስለማያውቁ፣ ለእነሱ ሲባል ቃላቱ እየተፈቱ ይሄዳሉ።

ቴስት የሚባለው ረጅሙ ክሪኬት እስከ አምስት ቀን የሚወስድ በመሆኑ መቺው የሚቸኩልበት ምክንያት እምብዛም የለውም። በአጭሩ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ቡድን የሚመታው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የሚወረወርለት ኳስም የተቆጠረ ነው፤ ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፣ ሃምሳ ኦቨር ደግሞ 300 ውርወራ ይሆናል። የመጀመሪያው የብሔራዊ ቡድኖች የአንድ ቀን ግጥሚያ የተካሄደው በዚሁ በሜልበርን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 1971 ነበር፤ ያውም ታስቦበት ሳይሆን ቴስቱን ዝናብ ስላበላሸው ነው። ከ1977 ጀምሮ የመገናኛ ብዙኃን ባለሀብቱ ኬሪ ፓከር በከፈተው ተፎካካሪ ውድድር የሌሊት መብራት፣ ነጭ ኳስና ባለቀለም ልብስ ሲገቡ፣ ነባሮቹ የክሪኬት ወዳጆች ልብሱን ፒጃማ እያሉ አፌዙበት። በዚህ የተናቀ ልብስ ስሙ የገነነው የካንቤራው ልጅ ማይክል ቤቫን ነው።

ቤቫን ከ1994 እስከ 2004 ለአውስትራሊያ በ232 የአንድ ቀን ግጥሚያዎች ተሰልፎ 6,912 ነጥብ አስቆጥሯል። ነጥብ የሚገኘው ሁለቱ መቺዎች ኻያ ሜትር ያህል ርቀት ባለው መስመር ላይ ቦታ እየተለዋወጡ ሲሮጡ፣ ወይም ኳሱ ከሜዳው ዳር ሲደርስ ነው፤ መሬት ሳይነካ ዳሩን ከተሻገረ ደግሞ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ቤቫን በዚያ ሁሉ ዘመን ስድስት ያገኘው 21 ጊዜ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ነጥቡን የለቀመው በእግሩ፣ አንድ አንድ ሁለት ሁለት እያለ ነው። አማካዩ 53.58 ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የሚገኘው ነጥቡ መቺው ሜዳ በገባባቸው ጊዜያት ሳይሆን ተሸንፎ በወጣባቸው ጊዜያት ሲካፈል ነው፤ 196 ጊዜ ገብቶ 67ቱን ሳይሸነፍ ስለጨረሰ አካፋዩ 129 ነው። ተቺዎቹ ሳይሸነፍ መቅረቱ አማካዩን ያለአግባብ አሳብጦታል ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ሳይሸነፍ እስከ መጨረሻው መቆየት ሥራው ለነበረ ሰው ይህ ነቀፋ ቆጣቢን ገንዘብ ተረፈህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

በ1996 የመጀመሪያ ቀን፣ በሲድኒ የሆነው ነገር ሰፋ ብሎ ሊነገር ይገባል። በዝናብ ምክንያት ጨዋታው ወደ 43 ኦቨር፣ ማለትም ወደ 258 ውርወራ ተቀንሶ ዌስት ኢንዲስ 172 ነጥብ አስመዘገበ፤ አውስትራሊያ የሚያስፈልጋት 173፣ በየሦስቱ ውርወራ ሁለት ነጥብ ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ለአገሩ አዲስ የነበረው የዚህ ንግግር አቅራቢ በሌሊት ጥበቃ ሥራ ላይ ሆኖ በትንሽ ቴሌቪዥን ሲከታተል፣ አብሮት የሚሠራው አዛውንት የሲጋራ ፓኮ ቀድዶ በውስጠኛው በኩል ሁለት ዓምድ አስምሮ፣ በአንደኛው የቀረውን ነጥብ፣ በሌላኛው የቀረውን ውርወራ እየሰረዘ ይጽፍ ነበር። ስድስት መቺዎች ወጥተው ውጤቱ 38 ሲሆን አዛውንቱ እርሳሱን አስቀመጠ። ሰባተኛው በ74 ሲወጣ ቤቫን አልተቻኮለም፤ ፖል ራይፍልን ጓደኛ አድርጎ ስምንተኛውን ጥምረት ወደ 157 አደረሰው፣ አዛውንቱም እርሳሱን መልሶ አነሣ። ራይፍል በ34 ነጥብ ወጣ፤ ዘጠነኛውም ተከተለ፤ የመጨረሻው መቺ ግሌን ማግራ በመምታት የማይታወቅ ወርዋሪ ነበር፣ ሆኖም አንድ ነጥብ ሮጦ ለቤቫን አስረከበው። አንድ ውርወራ ቀርቶ አራት ነጥብ ሲፈለግ ቤቫን የሮጀር ሃርፐርን ኳስ ቀጥ አድርጎ በወርዋሪው በኩል ወደ ሜዳው ዳር ላከው። የቤቫን ድርሻ ሳይሸነፍ 78 ሲሆን፣ ስለዚያ ምሽት ሲወራ ግን የማግራ አንድ ነጥብ የሚገባትን ያህል ስትነሣ አትሰማም።

የዚህ ንግግር አቅራቢ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው አንድ እምነት አለው፤ እሱም ቤቫን ከሁሉ በፊት የሒሳብ ሰው ነበር የሚል ነው። የቀረው ነጥብ ለቀረው ውርወራ ሲካፈል ስንት ይመጣል የሚለውን በየኳሱ በጭንቅላቱ የሚያወጣ ሰው በአስፈላጊው ሰዓት አይደነብርም። የመርካቶ ነጋዴ በጩኸትና በግፊያ መካከል የሚሠራው ይኸንኑ ነው፤ በአንጻሩ ፉትስክሬይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ አራት ሆኖ ለበላው ክትፎ ድርሻውን ለማወቅ ስልክ የሚያወጣ የምህንድስና ተመራቂ መታየቱ፣ ይቅርታ ይደረግና፣ የሚያሳፍር ነው፤ በዚህ አዳራሽም ቢያንስ ሁለቱ እንዳሉ የእናቶቻቸው ሳቅ ይመሰክራል። ስሌቱን የረሳ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ የ1999ኙን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ማየት ይበቃል። ከአውስትራሊያ ጋር የተጋጠመችው ደቡብ አፍሪካ አንድ ነጥብ ሲቀራት ሦስት ውርወራ ነበራት፤ ላንስ ክሉስነር ሮጠ፣ አለን ዶናልድ ቆሞ ቀረ፣ ዱላውንም ጣለ፣ ከዚያም ወጣ። ሁለቱም ቡድኖች 213 ላይ እኩል ሆነው ቀደም ባለው ዙር የተሻለ ደረጃ የነበራት አውስትራሊያ አለፈች። በእኩል ውጤት ቤቫን በዚያ ጨዋታ ካስቆጠራቸው 65 ነጥቦች አንዷ ብትጎድል ኖሮ ዋንጫው ወደ ሌላ አገር በሄደ ነበር።

ጉድለቱም ሊሸሸግ አይገባም። በቴስት 18 ጊዜ ተሰልፎ አማካዩ 29 ላይ ቀረ፤ ደረቱ ላይ የሚነሣ አጭር ኳስ አያውቅም ተባለ፣ የተባለው ነገርም ከኳሱ ይልቅ ሳያስጨንቀው አልቀረም። ሆኖም ረጅም ጨዋታ አይሆንለትም የሚለው ፍርድ ከአገር ውስጥ ሥራው ጋር አይገጥምም፤ በ2004 ብሔራዊ ውሉ ሲቀር ወደ ታዝማኒያ ተሻግሮ፣ በ2004/05 የክፍለ አገራት ረጅም ውድድር 1,464 ነጥብ በማስቆጠር የወቅቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2007 ጨዋታ አቆመ። የአውስትራሊያ የክሪኬት የክብር መዝገብ ደግሞ ለአጭሩ ጨዋታ ተገቢ ቦታ ለመስጠት መስፈርቱን አሻሽሎ ስሙን ያሰፈረው በ2025 ነው። በመካከሉ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ማስላት ለተመራቂዎቹ የተተወ ሲሆን፣ ስልኮች በኪስ እንዲቆዩ ይጠየቃል።