እየተጠራጠርን እናገለግላለን

ወገኖች ሆይ፣ ለዝናብ ጸልየን ሰማዩ ዝም ሲል፣ እግዚአብሔር ሰምቶን ይሆን እያልን እንጠራጠራለን። ይህን ከእናንተ አንሰውርም። ሆኖም የእደላው ቀን ሲደርስ ለአንድ ሰው የወር ቀለብ የሚሆነውን 15 ኪሎ እህል መዝነን እንሰጣለን፤ የተራበ ሕፃን ልባችን እስኪጸና ሊጠብቀን አይችልምና።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የምናገኘው አባት ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው ጥርጣሬው ሳይለቀው ነበር። ጌታም፣ አስቀድመህ እምነትህን አሟልተህ ና ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ጌዴዎንም የበኣልን መሠዊያ ያፈረሰው በሌሊት፣ እየፈራ ነው። የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት የጠየቀው እንኳ ከዚያ በኋላ ነው!

ጥርጣሬ መልካም ነው ማለታችን አይደለም፤ እንቅልፍ ይነሣል። ለዝናቡ ስትጸልዩ ለእኛም ለሠራተኞቹ ጸልዩልን።