ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ አላየንም!
(በጤና ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



«የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አዲስ ሥራ አይቀበሉም፣ የአመለካከት ችግር አለባቸው» ሲባል ሰማሁ። አመለካከት! በእኛ አገር ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከሰሰው አመለካከት ነው፤ መድኃኒቱም ያው ስብሰባ ነው። እስቲ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ መተማ እንውረድ።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ እኅቶቻችን አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከሽንት ቤት ማስቆፈር እስከ ክትባት 16 ፓኬጅ ተሸከሙ። ከዚያ የወባ ሕክምና መጣ፣ በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ መጣ፣ የሕፃናት የሳንባ ምች መጣ፣ በ2012 ኮሮና መጣ። «ይህንኛውን ተዪው» የተባለች ካለች እጇን ታውጣ!

መተማ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ከመነሻው ይፈርሳል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ጉልበት ሠራተኛ ለቁጥር ያስቸግራል። የባለሙያዋ ሥራ የሚመዘገበው ቤት ለቤት፣ በቤተሰብ ማህደር ነው። ይህ ሰው ግን እዚያ ቤት የለውም፤ እርሻው ላይ፣ ዳስ ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር ነው የሚያድረው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትገኘው እዚያው፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ዙሪያ ነው፤ የምትናከሰውም ሲመሽ።

«ካላዛርን ጠርጥሪ» ማለት ቀላል ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ ክሳት፤ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ታዲያ በዚያ ጭቃ በእግሯ ደርሳ፣ ማህደር የሌለውን ሰው ስታይ ብትውል ለሪፖርቷ ምን ቁጥር ታገኛለች?

ዋጋውን አይተነዋል እኮ። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሣ (ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት ይታመናል) መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተባለ። እስኪታወቅ ብዙ ሰው አለቀ።

በ2015 ደግሞ የሱዳን ጦርነት ስደተኛውን በመተማ በኩል አጎረፈው፤ ኮሌራም ተከተለ። በላዩ የክልሉ ግጭት አለ።

የምጠይቀው ይህን ነው። አዲስ ሥራ የሚያወርድ ኃላፊ የትኛው አሮጌ ሥራ እንደሚቀር በዚያው ደብዳቤ ይጻፍ። ለመተማ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ኅዳር የእርሻ ሠፈሩን ብቻ የሚያይ፣ ባያቸው ሠራተኞች ቁጥር የሚለካ ባለሙያ ይመደብ። ደመወዙን ማን ይክፈል? ሰሊጡን የሚሸጠው ባለሀብትና ግብሩን የሚሰበስበው መንግሥት ይነጋገሩበት።