ዘይት የሚያፈስ አሞርዛተር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ነገሩም በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት፥ ከአንድ አሮጌ ፔጆ 504 የወጣው ጥቍር ቱቦ ነው። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል አሞርዛተር ይሉታል። ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች ቀረብ ብላችሁ ብታዩት አናቱ በዘይት ርሶ አቧራው እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። ይህ ዕቃ ከሞተ ቈይቷል። መኪናው ግን ይሄድ ነበር፤ ሞተሩ ይነሣል፥ ማርሹ ይገባል፥ መብራቱ ይበራል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ደኅና መኪና አለኝ ይሉ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚመስል፥ መምሰሉም ለምን እንደሚያስፈራ ላስረዳችሁ።

ብዙ ሰው አሞርዛተር የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው፤ በጭነት መኪና ደግሞ ባሌስትራው ነው። ሞላ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ የተቀበለውን ጕልበት ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋውም። ጐማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፤ የተጨመቀበትንም መልሶ ይሰጣል። መኪናው ይነሣል፥ ይወርዳል፥ እንደ ገና ይነሣል። ከልካይ ከሌለው አንዱን ድንጋይ አምስትና ስድስት ጊዜ ያስቈጥረዋል።

ከልካዩ አሞርዛተር ነው። እንዴት እንደሚከለክል ለመረዳት ወደ ማድ ቤት እንግባ። እናቶቻችን ገንፎ ሲያገነፉ አይታችኋል። ማማሰያውን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ይሄድላቸዋል፤ በኀይል ላዙር ሲሉ ግን ገንፎው እጃቸውን ይይዛል። ገንፎው የሚቃወመው ፍጥነትን ነው። ቀስ ያለውን ያሳልፋል፥ የቸኰለውን ይይዛል። በዚህ ቱቦ ውስጥም ዘይት አለ፤ በዘይቱ መካከል ቀዳዳዎችና ስስ ክዳኖች ያሉት ፒስቶን በብረት ዘንግ ተይዞ ይመላለሳል። ጐማው ሲዘል ዘይቱ በነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ማለፍ አለበት። ብዙውን ጊዜ ሲጨመቅ ላላ፥ ሲለጠጥ ጠበቅ እንዲል ተደርጎ ይሠራል፤ መልሶ የሚያስፈነጥረው ሞላው ስለ ሆነ መያዝ የሚገባውም ያን ጊዜ ነውና።

ተማሪዎች ይህን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ወስዳችሁ ውኃ ሙሉት፥ አፉንም ወደ ላይ ያዙት። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፥ ቀጥሎም በኀይል ግፉት፤ ልዩነቱ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ከዚያ ግማሹን ውኃ፥ ግማሹን አየር አድርጋችሁ እንደ ገና ግፉት። እስከ ግማሹ ድረስ እጃችሁ ባዶ ይገባል፤ ውኃው ዘንድ ሲደርስ በድንገት ይያዛል። ዘይቱ የጐደለበት አሞርዛተርም በየጕድጓዱ እንዲህ ያደርጋል።

የፊዚክስ መምህራችሁ ጕልበት አይጠፋም፥ መልኩን ይለውጣል ብለው አስተምረዋችኋል። እንግዲያስ አሞርዛተር ከሞላው የተቀበለው ጕልበት የት ይገባል? ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ የተነሣ አንድ ርካሽ መመርመሪያ አለ፤ ለኔ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥብኛል። መኪናው በከፋ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ፥ በሜዳ ላይ ቆሞ፥ ሞተሩ ጠፍቶ፥ አራቱን አሞርዛተሮች በእጅ ጀርባ በጥንቃቄ ንኩ። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ፥ የቀዘቀዘው ሥራ አልሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ መንገዳችን ልምጣ። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ወይም ወደ አጅባር በመኪና የሄደ ሰው ንዝረት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። የጠጠር መንገድ ጥቂት ጊዜ ከቈየ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። ሽብሽቡ በየ1 ሜትሩ ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ጐማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ይመታል። የተራ መኪና ጐማ ደግሞ በራሱ ጠባይ ሲዘል በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ፥ ዥዋዥዌ የሚጫወተውን ሕፃን በልኩ ጊዜ ደጋግሞ እንደ መግፋት ያለ ነው፤ ዝላዩ እየጨመረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ጐማው መሬቱን ይለቃል። በአየር ላይ ያለ ጐማ ደግሞ ፍሬን ቢረግጡለት አይዝም፥ መሪ ቢያዞሩለት አይታዘዝም።

ሾፌሮቻችን ለዚህ የታወቀ ብልሃት አላቸው፤ ፍጥነት ይጨምራሉ። በእውነትም ንዝረቱ ይቀንሳል፥ ተሳፋሪውም እፎይ ይላል። ነገር ግን የቀነሰው ጐማው ከአንዱ ጕብታ ወደ ሌላው እየዘለለ በመካከሉ ያለውን ስለሚተወው ነው። መንገዱ የተሻለ ይመስላል እንጂ መኪናው መሬቱን የሚይዝበት ጊዜ አንሷል። አሞርዛተሩ ደኅና በሆነ መኪና ይህ ጥቂት ድፍረት ነው። ዘይቱ በፈሰሰበት መኪና፥ ከፊት ለፊት መጠምዘዣ ሲመጣ፥ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን የምታሳፍሩበት መኪና በደረቅ መንገድ ሲንሳፈፍ ቢመቻችሁ አትደሰቱ፤ ሾፌሩን ቀስ በል በሉት።

ዘይቱ ሳይፈስም የሚደክምበት ጊዜ አለ። በሽብሽብ መንገድ ብዙ ሲመላለስ ከላዩ ያለው አየር ይገባበትና፥ እንደ ተናጠ ወተት አረፋ ይሆናል፤ አረፋም በቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል። ክርስቲያን ቡርሲዬ ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዘይቱን በተጨመቀ ጋዝ አፍኖ ከአረፋ የሚጠብቅ አሞርዛተር ሠርቶ በ1953 በአውሮፓ አቈጣጠር በስሙ ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ባለ ጋዝ የምንላቸው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። የእኛ አገር ደግሞ ለዘይት ሌላም ፈተና ያመጣል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚህ ተነሥቶ በአቀስታ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ውርጫማ ደጋ ያልፋል፥ ወደ ጉንደ ወይን የሚሻገር ደግሞ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል። ዘይት በብርድ ይወፍራል፥ በሙቀት ይቀጥናል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ዘይት ለውጡ ጥቂት ነው፥ ያልሆነው ግን እንደ ጠዋት ቅቤና እንደ ቀን ቅቤ ነው።

የዚህ መኪና ባለቤት የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እንደ እሽቅድድም መኪና ጠንካራ አሞርዛተር ይግባልኝ ወይ? ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፔጆ በእሽቅድድም የታወቀ ዘር ነውና። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር ፔጆ 404 በ1963፥ በ1966፥ በ1967ና በ1968 አሸንፏል። በ1963ና በ1968 ያሸነፉት ኒክ ኖቪትስኪና ፓዲ ክሊፍ ናቸው፤ በእነዚያ በሁለቱ ዓመታት ከተነሡት ብዙ መኪናዎች ውድድሩን የጨረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ። ፔጆ 504ም በተራው በ1975 ኡቬ አንደርሶን ነድቶት አሸነፈ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጭቃውና ድንጋዩ ከእኛ መንገድ የራቀ አልነበረም። ታዲያ የነዚህ መኪናዎች ምስጢር መጠንከር ብቻ አይደለም፤ ሞላቸው ለስላሳ፥ ጐማቸው ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ ርቀት የሚሄድ፥ አሞርዛተራቸው ግን ያን ሁሉ ጕዞ በልኩ የሚይዝ መሆኑ ነው።

ስለዚህ መልሴ አይገባም የሚል ሆነ። እጅግ የጠነከረ አሞርዛተር ጐማው ጕድጓዱን ተከትሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ የማይበላውንም ምት ወደ አካሉ ያስተላልፋል። አካሉ ደግሞ አሮጌ ነው፥ ዝገት አለበት። የእሽቅድድም ቡድን በየማታው የሚበየድ መኪና አለው፤ እኚህ ሰው ያላቸው አንድ መኪና ነው። ፋብሪካው በመጀመሪያ በሰጠው ልክ የሆነው ይበቃል።

መፍሰሱን ለማወቅ ማየት ይበቃል፥ ግን አስተውሎ ማየት ያስፈልጋል። በዘንጉ አጠገብ ቀጭን ወዝ ቢታይ ላብ ነው፤ አያስደነግጥም። ዘይቱ በቱቦው ላይ ወርዶ አቧራ ከያዘ ግን ፈሷል። ከፍሬን የመጣ እንዳይሆንም መመርመር ይገባል። ከዚያ የመኪናውን አንድ ማዕዘን በኀይል ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ተነሥቶ ጸጥ ካለ ደኅና ነው፥ ከተወዛወዘ ደክሟል። የጐማውንም ፊት በእጅ ዳስሱት፤ እዚህም እዚያም ተበልቶ ወጣ ገባ ከሆነ ጐማው ሲዘል መክረሙን ይመሰክራል። በነገራችን ላይ ይህ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ባጃጅም አለው፥ የሞተር ብስክሌት የፊት እግርም ውስጡ ይኸው ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ሳትርቁ የሚፈስ ታገኛላችሁ።

ሲቀየር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል። አንዱ አዲስ፥ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ይህን ስነግራቸው ባለቤቱ የቀኙ አልፈሰሰም ብለው ተከራከሩ። የቀኙን አውጥቼ በእጃቸው እንዲስቡት ሰጠኋቸው፤ ዘንጉ እስከ መካከሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

ከሥራው ሁሉ አንዱን ብቻ አጥብቄ እነግራችኋለሁ። በፔጆ 504 ፊት አሞርዛተሩ በሞላው ውስጥ የቆመ ነው። ሞላው ሳይጨመቅና ሳይታሰር የአናቱን ዳዶ የፈታ ሰው፥ የመኪና ክብደት የተሸከመ ሞላ በፊቱ ላይ ይፈታል። የሞላ መጭመቂያ የሌለው ሰው አይጀምረው፤ ገመድና ሽቦ መጭመቂያ አይደሉም። መኪናውም በክሪክ ብቻ አይቆምም፥ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይግባለት። ከኋላ ሲፈታ የጐማው ክንድ ከታች ይደገፍ፥ አለዚያ ወደ ታች ተወርውሮ የፍሬኑን ቱቦ ይወጥረዋል። የአናቱ ጐሚኒና የታቹ ቦኮላ ካረጁ አብረው ይለወጡ፤ አዲስ አሞርዛተር በተበላ ጐሚኒ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ቦኮላ ያለበትም ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጐማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው፤ በአየር ላይ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጐማው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻ የፊት ጐማዎች አቅጣጫ ይለካል።

አንዳንዶች ገንዘብ ለመቈጠብ ቱቦውን በትሪፓኖ ቀድተው የሞተር ዘይት ይሞሉና ቀዳዳውን ይበይዱታል። ይህን አትፍቀዱ። ዘይቱን ያፈሰሰው የተበላው የዘንጉ ማፈኛ ነው፥ እርሱ እንዳለ ነው፤ የሞተር ዘይትም ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም። ባለ ጋዝ ከሆነ ደግሞ መብሳቱና በእሳት መንካቱ ሰው ሊጐዳ ይችላል። አናቱ ተፈትቶ የሚከፈት የድሮ ዐይነት ግን አለ፤ እርሱን ማፈኛውን በአዲስ ለውጦ፥ ለእርሱ የተባለውን ዘይት በልኩ ለክቶ መሙላት ነውር የሌለበት ጥሩ ሥራ ነው። ዘንጉ በዝገት ከተበሳሳ ግን አዲሱን ማፈኛ ወዲያው ስለሚበላው አትድከሙ።

ከወላጆች አንዱ ወደ ውስጥ ስንገባ ስንት ኪሎ ሜትር ይቈያል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቍጥር አልሰጥም፤ በአስፋልት ላይ ብዙ ዓመት የሚሠራው በእኛ ጠጠር ላይ ከዚያ በጣም ያነሰ ጊዜ ይሠራል። ዘይት በተለወጠ ቍጥር መካኒኩ ጐንበስ ብሎ አራቱን ይይ፥ በእጁም ይንካ። እንደ ተገጠመ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ዳዶዎቹ እንደ ገና ይፈተሹ። የፔጆው ባለቤት በሚመጣው ሳምንት ለዚሁ ይመለሳሉ፤ ሥራውን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ካለ መምህሩን አስፈቅዶ ይምጣ፥ መጭመቂያው አጠገብ ግን አይቆምም።