ማከም ሌላ፣ ማሠልጠን ሌላ

በወላይታ ገሱባ ለአሠልጣኝነት ሥልጠና የተሰበሰባችሁ የጤና ባለሙያዎችና የጤና ተቋማት ኃላፊዎች፤

ገጠር ለአገራችን የጤና ትምህርት አዲስ ስፍራ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያለማምድ ነበር። የጅማው የጤና ትምህርት ተቋምም ኋላ ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር ያቆራኘው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ተማሪን ወደ ገጠር መላክ የሥራው እኩሌታ ነው፤ የሚቀበለው ባለሙያ ማከምን እንጂ ማሠልጠንን አልተማረም።

ልምድ ያላት አዋላጅ ነርስ ምጥ ስትከታተል እጇ ከአንደበቷ ይቀድማል። አጠገቧ የቆመችው ተማሪ የምታየው የምጥ መከታተያ ቅጹ (ፓርቶግራፍ) ላይ የሰፈረውን ምልክት ብቻ ነው፤ ለምን መጠበቅ እንዳስፈለገ፣ መቼ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ እንደሚገባ የነገራት የለም። የልምምድ መዝገቧ ተፈርሞ ይሞላል፣ እጇ ግን አልተፍታታም። ስለዚህ አሠልጣኟ በልቧ የያዘችውን ምክንያት አውጥታ መናገር፣ መልሱን ከመስጠቷ በፊትም «አንቺ ምን አገኘሽ?» ብላ መጠየቅ አለባት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ምን ያህሉን ሥራ ለተማሪዋ መልቀቅ እንዳለባት መወሰኑ ነው። ያለጊዜው የተለቀቀ ሥራ የዛሬዋን እናት ይጎዳል፤ ጨርሶ ያልተለቀቀው ደግሞ ተማሪዋ ነገ ብቻዋን በተመደበችበት ጤና ጣቢያ የምትመጣውን እናት።

«ወረፋው በር ላይ ቆሞ ማን ጊዜ አለው?» የሚል ቅሬታ ይነሳል። እውነት ነው፤ ኃላፊዎቻችንም ማሠልጠንን እንደ ትርፍ ውለታ ሳይሆን እንደ መደበኛ ሥራ ሊቆጥሩት ይገባል። ቢሆንም ሁሉንም ታካሚ ማስተማሪያ ማድረግ አያስፈልግም። ከቀኑ ታካሚዎች መካከል አንዱን፣ ያውም ፈቃዱን ጠይቆ፣ ከተማሪው ጋር በጥንቃቄ ማየት ያለ ክትትል በችኮላ ከተቆጠሩ አሥር ታካሚዎች የበለጠ ያስተምራል። «መሣሪያ በሌለበት ምን ይማራሉ?» ለሚሉም መልሱ እዚሁ አለ። ምርመራው ጥቂት በሆነበት ቦታ ተማሪው የሕመሙን ታሪክ በሚገባ መጠየቅና በእጁ መዳሰስ ግድ ይለዋል። ከሌላ አካባቢ የመጣ ከሆነ ደግሞ አንዲት እናት ሕመሟን በወላይትኛ ስትገልጽ ምን ማለቷ እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያስረዳው የለም።

ሥልጠናው በዚሁ መከፈቱን እገልጻለሁ፤ በመጀመሪያው ልምምድ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አንዳችሁ ተማሪ፣ ሌላችሁ አሠልጣኝ ትሆናላችሁ።