ንጹሕ የኑግ ዘይት እንዴት እናግኝ?
(በገላን በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጾም «የኑግ ነው» ተብለን የገዛነው ጀሪካን፣ ጠዋት ብርዱ ሲመታው ረግቶ አገኘነው። ፓልም ነበረበት። የረጋ ዘይት መብላት ነውር አይደለም፤ ነውሩ በኑግ ዋጋ መሸጡ ነው። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል፤ ፓልም አብሮ ይወቀጥ ያለ ግን የለም!

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ጥቂት በብልቃጥ ተቀብለን ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረው። ንጹሕ ኑግ አይረጋም። ሱፍና አኩሪ አተርም ስለማይረጉ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሽታውን የሚያውቁ እናቶቻችን ይቅመሱት።

ሁለተኛ፣ የሚሻለው ፍሬውን በጋራ ገዝቶ ማስጨመቅ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ አዝመራ ገበያ ሲገባ ዋጋው ይለዝባል። መጭመቂያው ዘይቱን አሟጦ አያወጣምና ከኩንታል 30 ኪሎ ከተገኘ መልካም ነው። ፋጉሎውንም አንርሳ፤ ለከብት አርቢ ተሽጦ ወጪ ይቀንሳል።

ፍሬው በደንብ ይበጠር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴልሂ ውስጥ አርጌሞን የተባለ እሾሃም አረም ፍሬ የገባበት የሰናፍጭ ዘይት ከ60 በላይ ሰው ገድሏል። አረሙ በአገራችንም ይበቅላል። ፍሬው ድቡልቡል ጥቁር ነው፤ ኑግ ግን ሾጠጥ ያለ ነው።

ሲጨመቅ ሁለት ሰው ከመካከላችን አጠገቡ ይቁም። ዘይቱ ዝቃጩ እስኪወርድ ይቆይ፤ ከዚያ ተከድኖ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

ለአንድ ኩንታል አምስት ቤት ይበቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ።