በትርጉም የተነበበ የስዊድን ልብ ወለድና የአንባብያን ፍርድ



አንድ ሰው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አንብቦ ሲጨርስ «ግሩም ነው» ወይም «አሰልቺ ነው» ብሎ መፍረዱ አይቀርም። መጽሐፉን በተጻፈበት ቋንቋ ያነበበው እንደሆነ ጉዳዩ በእርሱና በደራሲው መካከል ይቀራል። በትርጉም ያነበበው እንደሆነ ግን ተርጓሚው፣ አርታኢውና አሳታሚው በመካከል ገብተዋልና ፍርዱ በማን ሥራ ላይ እንዳረፈ ለመለየት ያስቸግራል። የቆጣሪን ንባብ የሚመዘግብ መሐንዲስ ቆጣሪው ራሱ ትክክል መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ልብ ወለድ ሲያነብ ግን ይህን ልማዱን ከቢሮው ትቶ ይሄዳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የስዊድናዊው ጋዜጠኛ የስቲግ ላርሰን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላርሰን በ1954 ተወለደ። በሙያው የሚታወቀው በልብ ወለድ ሳይሆን፣ በ1995 በተመሠረተውና የቀኝ አክራሪዎችን እንቅስቃሴ በሚከታተለው «ኤክስፖ» በተሰኘው መጽሔት ነበር። በ1977 ወደ ኤርትራ ተጉዞ ለሴት ተዋጊዎች የሞርታር አተኳኮስ እንዳሠለጠነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ያወሳሉ፤ የመጽሐፉን ጀግና ሴት «የማትታመን ፍጡር» የሚሏት አንባብያን ይህን ቢያውቁ ምናልባት ፍርዳቸውን ያለዝቡ ይሆናል። በኖቬምበር 2004 የቢሮው አሳንሰር አልሠራ ብሎ ሰባት ፎቅ በእግሩ ከወጣ በኋላ በድንገተኛ የልብ ሕመም በ50 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ልብ ወለዶች ለአሳታሚ አስረክቦ ነበር፤ አንዱንም ግን ታትሞ አላየውም። ስለዚህም በሌላ ቋንቋ በሥራው ላይ የተደረገውን ሁሉ ለማጽደቅም ሆነ ለመቃወም ዕድል አላገኘም።

መጽሐፉ በ2005 በስዊድን የታተመው «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» በሚል ርእስ ነው። ደራሲው ይህ ርእስ እንዳይለወጥበት አጥብቆ ይሻ እንደነበር የሕይወት ጓደኛው ኤቫ ጋብሪኤልሶን ተናግራለች። በ2008 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን «ባለ ዘንዶ ንቅሳቷ ልጅ» ተባለ። የመጀመሪያው ርእስ ክስ ነው፤ ሁለተኛው የአንዲት ልጅ መልክ ነው። የመጽሐፉ አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በስዊድን ሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጥቃት የሚናገር አኃዝ በመክፈቻቸው ይዘዋል። ክሱን ከሽፋኑ ላይ ያነበበ ሰው አኃዞቹን እንደ ማስረጃ ይቀበላቸዋል፤ ንቅሳቷን ፍለጋ የገባው ግን «እነዚህ ቁጥሮች ምን ሊሠሩ መጡ?» ብሎ ይገረማል። ንቅሳቱም ቢሆን እንደ ወረደ አልተተረጎመም፤ በስዊድንኛው ጀርባዋን በሙሉ የሸፈነው ዘንዶ በእንግሊዝኛው ትከሻዋ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሥዕል ሆኗል።

አንባብያን ከሚሰነዝሩት ወቀሳ ጎልቶ የሚሰማው የመጽሐፉ አጀማመር መንቀርፈፉ ነው። ጋዜጠኛው ሚካኤል ብሉምክቪስት በስም ማጥፋት የተፈረደበት የገንዘብ ነክ ጉዳይ፣ የቫንገር ቤተሰብ የዘር ሐረግ፣ ማለቂያ የሌለው ቡናና ዳቦ፣ የኮምፒዩተሮች ዓይነትና አቅም ሳይቀር በዝርዝር ተጽፏል። ወቀሳው እውነትነት አለው፤ በተለይ ዋናው ምሥጢር ከተፈታ በኋላ የሚቀጥለው የኩባንያዎች ሐተታ ቢያጥር መጽሐፉ ምንም አይጎድልበትም ነበር። ነገር ግን መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ሌሎች የሚዘሉትን ገጽ ቆም ብሎ ቢያነበው የሚያስገርም አይሆንም። በ1966 ሐሪየት የተባለችው ወጣት የጠፋችበት ዕለት የነዳጅ ቦቴ ድልድዩ ላይ ተጋጭቶ ደሴቲቱን ከየብስ ይቆርጣታል፤ በዚህ አንድ አደጋ ደራሲው የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር ወስኖ ያስቀምጣል። ጋዜጠኛውም የሚመረምረው በዚያ ቀን የተነሡትን ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል እየደረደረ፣ ልጅቱ ምን አይታ እንደደነገጠች በመፈለግ ነው። ይህ የምርመራ ሥራ እንጂ የጀግንነት ተአምር አይደለም።

ከዚህ የከበደው ክርክር ስለ ጭካኔው ነው። ሊስቤት ሳላንደር በሕግ በተሾመባት ሞግዚት የምትደፈርበትን ክፍል አንዳንዶች ወንጀሉን ለማውገዝ የግድ መጻፍ የነበረበት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በሴት ሥቃይ ገበያ ማድመቅ ነው ብለው መጽሐፉን ይዘጉታል። ሁለቱም ወገኖች ሊደመጡ ይገባቸዋል። ሆኖም የሽፋኑ ለውጥ በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ድርሻ እምብዛም አይነሣም። ደራሲው ወንዶቹን በስማቸው ከሶ የጀመረውን መጽሐፍ፣ አሳታሚው የተጎጂዋን ገላ ምልክት አድርጎ ሸጦታል። ጥርጣሬው የሚገባ ቢሆን እንኳ ከፊሉ ሊያርፍ የሚገባው በስቶክሆልም ሳይሆን በለንደን ነው።

ተርጓሚውስ? የእንግሊዝኛው እትም «ሬግ ኪላንድ» የሚል ስም ይዟል። ይህ የብዕር ስም ነው፤ ተርጓሚው ስቲቨን መሪ አሳታሚው በትርጉሙ ላይ ባደረገው ለውጥ ስላልተደሰተ የራሱን ስም አነሣ። ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዴንማርካዊው ፒተር ሆግ በ1992 ያሳተመው የስሚላ ታሪክ በ1993 በቲና ኑናሊ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፣ ለብሪታንያው እትም ደራሲውና አሳታሚው ብዙ ስለለወጡት ተርጓሚዋ ስሟን አልሰጠችም፤ እትሙም «ኤፍ. ዴቪድ» በሚል ስም ወጣ። የአሜሪካና የብሪታንያ አንባብያን በአንድ መጽሐፍ ላይ የተከራከሩ ይመስላቸው ይሆናል እንጂ፣ ያነበቡት እስከ ርእሱ ድረስ የተለያየ ነበር።

አማርኛ ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። እንደ ማሞ ውድነህ ያሉ ጸሐፊዎች የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሱ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል፤ አንባቢውም አማርኛው ሲጥመው የባዕዱን ደራሲ ያመሰግናል። የላርሰንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢነሣ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚገጥመው ችግር የአክብሮት አነጋገር ነው። በስዊድን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሽማግሌውም፣ አለቃውም፣ ሎሌውም «ዱ» በሚለው አንድ ቃል መጠራራት ልማድ ሆኗል። እንግሊዝኛም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ጭንቀቱን አያውቀውም። የ24 ዓመቷ ሳላንደር ዕድሜዋን ከእጥፍ በላይ ለሚበልጠው አሠሪዋ ለአርማንስኪ ትናገራለች፤ «አንተ» ብትለው የአማርኛ አንባቢ ባለጌ ናት ይላታል፤ «እርስዎ» ብትለው ደግሞ ያቺ ለማንም የማታጎነብስ ልጅ ጠፋች። ሞግዚቱንስ ምን ትበለው? ተርጓሚው በመጀመሪያ «እርስዎ» አሰኝቷት፣ ለበቀል በተመለሰችበት ሌሊት ወደ «አንተ» ቢያዞራት፣ በስዊድንኛው የሌለ ብርቱ ነገር ይገኛል። አንባቢው በዚያች አንዲት ቃል ይንቀጠቀጣል፤ ለላርሰንም ያጨበጭባል።